ወደ ዊንዶውስ 11 ከመሄዳችሁ በፊት ቁልፉን ፈልጉ

ሜሮን፦ ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ሜሮን ነኝ።

ዳዊት፦ እኔም ዳዊት ነኝ። የዛሬው ጉዳያችን የቤት ኮምፒውተር ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ቁጭ ብላችሁ፣ ወደ 11 ልሂድ ልቅር እያላችሁ የምታመነቱ ካላችሁ ጆሮ ስጡን።

ሜሮን፦ እኔ ከማመንታት አልፌ እምቢ ብያለሁ። ኮምፒውተሬ ይከፈታል፣ እጽፍበታለሁ፣ ፊልም አይበታለሁ። ደህና የሚሠራ ነገር ለምን ይነካካል?

ዳዊት፦ ቀኑ አለፈበታ! ዊንዶውስ 10 በፈረንጆቹ 2015 ነው የወጣው። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። ኮምፒውተርሽ በዚያ ቀን መሥራት አላቆመም። የቀረበት በየወሩ በነፃ ይመጣለት የነበረው የደህንነት ማስተካከያ ነው።

ሜሮን፦ ያ "ሪስታርት አድርጊ" እያለ የሚጨቀጭቀኝ? እንኳን ቀረ።

ዳዊት፦ (ይስቃል) ጭቅጭቁስ ይቅር። ችግሩ ምን መሰለሽ፣ የ10 እና የ11 ኮድ ብዙው አንድ ነው። አዲስ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ ለ11 ይደፈናል። ሲደፈን ደግሞ ሰርጎ ገቦች ምን እንደተቀየረ እያነጻጸሩ ቀዳዳው የት እንደነበር ያውቃሉ። ከዚያ ወደ 10 ዞረው ያንኑ ቀዳዳ ክፍቱን ያገኙታል።

ሜሮን፦ አንቲቫይረስ አለኝ እኮ።

ዳዊት፦ አንቲቫይረስ መጥፎ ፋይል ሲያይ ይይዛል። የሲስተሙን ቀዳዳ ግን አይደፍንም። ዋናክራይን ታስታውሺያለሽ? በ2017 ሜይ ወር ላይ። የሰዉን ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ክፈሉ የሚለው። እንግሊዝ ውስጥ ሆስፒታሎች የበሽተኛ ቀጠሮ እስከመሰረዝ ደርሰው ነበር። የሚገርመው ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው ቀደም ብሎ፣ ማርች ላይ ነው። በብዛት የተመቱት እሱን ያልጫኑ ኮምፒውተሮች ናቸው። ድጋፉ በ2014 ለቆመው ለዊንዶውስ ኤክስፒ እንኳን ነገሩ ስለከፋ የግድ ማስተካከያ ወጣለት።

ሜሮን፦ እሺ፣ ፈራሁ። ግን ዛሬውኑ ልቀይር ነው?

ዳዊት፦ አይ፣ ጊዜ ማግኛ አለሽ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚዘልቅ የተራዘመ የደህንነት አፕዴት አዘጋጅቷል። ሴቲንግስ ውስጥ የዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ መመዝገቢያው አለ። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተሽ የሴቲንግስሽን ባክአፕ ካበራሽ በነፃ ነው። ካልፈለግሽ በክፍያም ይሆናል። መጀመሪያ ግን የዊንዶውስ 10 የመጨረሻው እትም ላይ መሆን አለብሽ። ይሄ ለመዘጋጃ የሚሰጥ ፋታ ነው እንጂ መኖሪያ አይደለም።

ሜሮን፦ እንግዲህ ልዘጋጅ። የኔ ኮምፒውተር 11ን ይችላል አይችልም፣ በምን አውቃለሁ?

ዳዊት፦ ፒሲ ሄልዝ ቼክ የሚባል የማይክሮሶፍት ፕሮግራም አለ። አውርደሽ ስታስነሺው ይነግርሻል። በጥቅሉ ግን ኢንቴል ከሆነ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ራይዘን 2000 እና ከዚያ በላይ። 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማከማቻ። 4 ጊጋው የወረቀት ላይ ነው። በ8 ካልሆነ አትሞክሪው።

ሜሮን፦ ቲፒኤም የሚባለውስ? እሱ ነው ሰውን ሁሉ የሚያሰናክለው።

ዳዊት፦ ቲፒኤም 2.0። የምስጢር ቁልፎችን የሚያስቀምጥ ትንሽ ቺፕ ነው። አንዳንዴ ማዘርቦርዱ ላይ ለብቻው ይኖራል፣ አንዳንዴ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። "ኮምፒውተርዎ አይችልም" የሚል መልስ አይተው ተስፋ የቆረጡ ስንት ሰዎች አሉ መሰለሽ፣ ቺፑ ተቀምጦ! ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ሴቲንግ ውስጥ፣ ሳይበራ ቀርቶ ነው እንጂ አለ። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ታገኚዋለሽ። ማብራት ብቻ ነው።

ሜሮን፦ ታዲያ ምን እንጠብቃለን? ባዮስ ገብተን እናብራዋ።

ዳዊት፦ ቆይ ቆይ! ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ይሄን ነው። ሰው "ኢንስቶል" የሚለውን ሲጫን እጁ ይንቀጠቀጣል። እሱ እኮ ቀላሉ ክፍል ነው። ሰው ዳታውን የሚያጣው ከዚያ በፊት ባዮስ ሲነካካ ነው። ቢትሎከር የሚባለውን ታውቂዋለሽ?

ሜሮን፦ ዲስኩን የሚቆልፈው? የመሥሪያ ቤት ነገር መስሎኝ።

ዳዊት፦ የቤትም ሆኗል። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ገና መጀመሪያ በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቢ፣ ዲስኩ በራሱ ይመሰጠራል። ማንም አይጠይቅሽም። የቲፒኤሙን ወይም ሴኪዩር ቡት የሚባለውን፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታመነ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክለውን ሴቲንግ ስትቀይሪ ሲስተሙ ይጠራጠራል። ሌላ ሰው ኮምፒውተሩን ነክቶታል ብሎ ያስባል። ስታስነሺው ሰማያዊ ገጽ ይመጣና ባለ 48 አሃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ይጠይቅሻል።

ሜሮን፦ እና የት አገኘዋለሁ?

ዳዊት፦ አብዛኛውን ጊዜ ማይክሮሶፍት አካውንትሽ ውስጥ ተቀምጧል። ላፕቶፑ በተገዛ ጊዜ በተከፈተው አካውንት። ፓስወርዱን ረስተሽዋል። መልሶ ማግኛው የተመዘገበው በድሮ ስልክ ቁጥርሽ ነው። ቁጥሩን ደግሞ ቀይረሽዋል። ቁልፉ ከሌለ ማንም አይከፍትልሽም፣ ማይክሮሶፍት ራሱ ቢሆን። የሚቀረው ፎርማት ማድረግ ብቻ ነው።

ሜሮን፦ ፎቶው ሁሉ?

ዳዊት፦ ፎቶው ሁሉ። ስለዚህ ባዮስ ጋ ከመድረስሽ በፊት፣ ኮምፒውተሩ ደህና እየተከፈተ ሳለ፣ አካውንትሽ ውስጥ ግቢ። ቁልፉን ፈልጊ። ወረቀት ላይ ጻፊው። እዚያው ኮምፒውተር ላይ ፋይል አድርገሽ አታስቀምጪው። (ይስቃል) የሚያደርግ አለ።

ሜሮን፦ ወረቀት ላይ 48 አሃዝ... ስልኬ ላይ ፎቶ ባነሳውስ?

ዳዊት፦ ይሆናል፣ ስልኩ ካልተሰረቀ። ሁለቱንም አድርጊ። ከዚያ ባዮስ ከመግባትሽ በፊት ቢትሎከርን ለጊዜው "ሰስፔንድ" ማድረግ ይቻላል። ሆም የሚባለው እትም ላይ ከሆንሽ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን የሚባለውን፣ ያንኑ ዲስክ መቆለፊያ፣ ማጥፊያ አለልሽ፣ ዲስኩን ፈትቶ እስኪጨርስ ትንሽ መጠበቅ ነው። በነገራችን ላይ የድሮ ኮምፒውተር ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ዲስኩ ኤምቢአር በሚባለው የድሮ አደረጃጀት የተሠራ ከሆነ፣ ባዮሱን ዝም ብለሽ ዩኢኤፍአይ ወደሚባለው አዲሱ የማስነሻ ዘዴ ስትቀይሪው ዊንዶውስ አይነሳም። ዳታው አልጠፋም፣ ግን ሰው ይደነግጥና የባሰ ነገር ይሠራል። ኤምቢአር ቱ ጂፒቲ የሚባል ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ መሣሪያ አለ። መጀመሪያ በእሱ ዲስኩን ለውጪ፣ ባዮሱን ከዚያ በኋላ።

ሜሮን፦ ባክአፕስ? እኔ ዋን ድራይቭ ስላለኝ ግድ የለኝም።

ዳዊት፦ ዋን ድራይቭ ሲንክ ያደርጋል እንጂ ባክአፕ አይደለም። መስታወት በይው። እዚህ ስታጠፊ እዚያም ይጠፋል። ለተወሰነ ጊዜ ከቆሻሻ ቅርጫቱ ማውጣት ይቻላል፣ ግን በእሱ አልተማመንም። ደግሞ በነፃ የሚሰጠው 5 ጊጋ ነው። የቤተሰብ ቪዲዮ ለአንድ ሰርግ አይበቃውም። ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ቅጂ፣ ከዚያ ነቅለሽ ታስቀምጪዋለሽ። ሳትነቅዪው ጭነቱን ከጀመርሽ በስህተት እሱን ፎርማት የማድረግ ዕድል አለሽ።

ሜሮን፦ ተገልብጦ ሲያልቅ በቃ?

ዳዊት፦ ኧረ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተሽ ጥቂት ፋይሎች ክፈቺ። የሚከፈት መሆኑን ሳታዪ ባክአፕ አለኝ አትበዪ።

ሜሮን፦ እሺ። አሁን ቁልፉ አለ፣ ቅጂው አለ፣ ቲፒኤሙ በርቷል። ባለው ላይ ልጫን ወይስ ፎርማት አድርጌ እንደ አዲስ? የኔ ጓደኞች ሁሉ "ፎርማት አድርጊው" ነው የሚሉት።

ዳዊት፦ የለመደባቸው ነው። ኮምፒውተሩ ቫይረስ ካልገባበት ወይም ከመጠን በላይ ካልተግማማ ባለው ላይ ጫኚ። ፋይሎችሽም ፕሮግራሞችሽም ይቆያሉ። ቀድሞ የነበረው ዊንዶውስ 10 ሕጋዊ ከሆነ 11ዱም በነፃ ነው፣ ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር ይተሳሰራል። እንደ አዲስ ስትጭኚ ግን የማይታሰቡ ነገሮች ይመጣሉ። ለምሳሌ ዊንዶውስ 11 ሆም ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። አዲሱ ጭነት ለዋይፋይሽ የሚሆን ድራይቨር፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሠራው ትንሽ ፕሮግራም፣ ከሌለውስ? ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨር፣ ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት። ተቆልፈሽ ቀረሽ። ስለዚህ የዋይፋይ ድራይቨሩን ቀድመሽ ፍላሽ ላይ ገልብጪ።

ሜሮን፦ ወይ ኬብል መሰካት።

ዳዊት፦ ላፕቶፕሽ የኬብል ማስገቢያ ካለው። አዳዲሶቹ ብዙዎቹ የላቸውም። ደግሞ ራስሽ የጫንሻቸው ፎንቶች ሁሉ በፎርማት ይሄዳሉ። የድሮ ሰነድሽን ስትከፍቺ ፊደሉ ሁሉ ተተራምሶ ይጠብቅሻል። የፎንት ፎልደሩንም ገልብጪ። ብራውዘር ውስጥ የተቀመጡ ፓስወርዶችንም አትርሺ።

ሜሮን፦ ክራክ የተደረጉ ፕሮግራሞችስ? እንዳትስቅብኝ።

ዳዊት፦ አልስቅም። ብዙዎቹ ከአፕዴቱ በኋላ ይንገዳገዳሉ፣ ወይም ዲፌንደር የሚባለው የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ያነሳቸዋል። ሰዉ "ዊንዶውሱ ፕሮግራሜን አበላሸብኝ" ይላል። ዲፌንደሩን አጥፉልኝ ከማለት አማራጭ ነፃ ፕሮግራም መፈለግ ይሻላል።

ሜሮን፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፕሮሰሰሩ አሮጌ ነው የተባለ ኮምፒውተር ላይ ፍተሻውን ዘሎ መጫን ይቻላል ይላሉ። ቪዲዮው ሞልቷል።

ዳዊት፦ ይቻላል። የምትሞክሪበት ትርፍ ኮምፒውተር ካለሽ ተጫወቺበት። የቤተሰቡ ሥራ ያለበት ላይ ግን አልመክርም። ማይክሮሶፍት እንዲህ ላለ ኮምፒውተር አፕዴት እንደሚልክ ዋስትና አልሰጠም። በ2024 የወጣው እትም በጣም አሮጌ የሆኑ ፕሮሰሰሮች ላይ ጭራሽ አይነሳም፣ የሚፈልገው የፕሮሰሰር ትዕዛዝ ስለሌላቸው። ለደህንነት ብለሽ ተነስተሽ ዋስትና የሌለው ላይ ማረፍ ለኔ ትርጉም የለውም።

ሜሮን፦ ስለዚህ አሮጌው ይጣል?

ዳዊት፦ ማን አለ? ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ቦታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም ጫኚበት። ስሙ ያስፈራል እንጂ ከዊንዶውስ 10 ለመጣ ሰው ከ11 ይልቅ እሱ ሳይቀርበው አይቀርም። ፍላሽ ላይ አድርገሽ ሳትጭኚው መሞከር ትችያለሽ። ዋይፋዩ ይሠራል? ድምፁስ? ፕሪንተሩስ? ካልተመቸሽ ፍላሹን ነቅለሽ ሪስታርት ማድረግ ነው፣ ዊንዶውስሽ እንዳለ ነው።

ሜሮን፦ የማይሆነውስ ለማን ነው?

ዳዊት፦ ፎቶሾፕ ወይም ሙሉው ማይክሮሶፍት ኦፊስ የግድ ለሚለው። ማጭበርበርን የሚቆጣጠር ሶፍትዌር ያላቸው አንዳንድ የኦንላይን ጌሞችም እምቢ ይላሉ። ብራውዘር ከፍቶ ቪዲዮ ለሚያይ፣ ኢሜይል ለሚልክ፣ ደብዳቤ ለሚጽፍ ግን ከበቂ በላይ ነው። የእናቴ ላፕቶፕ በእሱ ነው የሚሠራው። ስሙን እንኳ አታውቀውም።

ሜሮን፦ የፍጥነቱን ነገር ሳታነሳ እንዳታልፈኝ። 11 ያንቀራፍፋል የሚሉ አሉ።

ዳዊት፦ ዲስክሽ የሚሽከረከረው የድሮው ዓይነት ከሆነ 10ም 11ም ያንቀራፍፋል። ለኮምፒውተሩ አንድ ነገር ብቻ ልግዛለት ካልሽ ኤስኤስዲ፣ የማይሽከረከረው ፈጣኑ ዲስክ፣ ይሁን። ከራምም ከምንም በላይ ልዩነቱ የሚታይሽ እሱ ላይ ነው።

ሜሮን፦ ደግሞ ያ መሃል ላይ የተቀመጠው ስታርት...

ዳዊት፦ ታስክባር ሴቲንግስ ውስጥ ወደ ግራ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት እምቢ ያላችሁ ካላችሁ እፎይ በሉ።

ሜሮን፦ (ትስቃለች) አንዱ ምክንያቴ ነበር! እሺ፣ ጫንኩት፣ አልወደድኩትም። መመለሻ አለ?

ዳዊት፦ ባለው ላይ ከጫንሽ 10 ቀን አለሽ። ሴቲንግስ ውስጥ ሪከቨሪ የሚለው ጋ "ወደ ቀድሞው ተመለስ" የሚል ታገኚያለሽ። የድሮው ሲስተም ዊንዶውስ ነጥብ ኦልድ በሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ቦታ ስለሚይዝ ሰው ቶሎ ያጠፋዋል። አታጥፊው። በእነዚያ ቀናት ሁሉንም ሞክሪ። ፕሪንተሩን፣ ስካነሩን፣ ካሜራውን፣ ያንን በዓመት አንዴ የምትከፍቺውን ፕሮግራም ጭምር። አሥሩ ቀን ካለፈ በኋላ መመለሻው ፎርማት ነው።

ሜሮን፦ እኔ እንግዲህ ዛሬ ማታ ቁልፉን ፍለጋ ልገባ ነው፣ ጭነቱ ለእረፍት ቀን። ጥያቄ ያላችሁ ላኩልን፣ የኮምፒውተራችሁን ሞዴልና የፕሮሰሰሩን ስም አብራችሁ ጻፉ።

ዳዊት፦ ቁልፉን ግን እንዳትልኩልን! ደህና ሁኑ።