የመርገጫ ድንጋዮቹ ርቀት፦ ቤቨርሊ ክሊሪ ለልጆች እንዴት ጻፈች?

ጤና ይስጥልኝ ተመልካቾቻችን። ዛሬ የምናወራው ስለ አሜሪካዊቷ የልጆች ደራሲ ስለ ቤቨርሊ ክሊሪ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ፣ ቪዲዮውን እያቆማችሁ ስሌት ውስጥ አትግቡ።

ወደ ደራሲዋ ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ወንዝ እንሻገር። ትንሽ ልጅ ወንዝ ዳር ቆሟል እንበል። ማንበብ ሳይችል ትልቅ ሰው በሥዕል የተሞላ መጽሐፍ ሲያነብለት፣ ታዝሎ የመሻገር ያህል ነው፤ እግሩ ውኃ አይነካም፣ መንገዱንም የሚመርጠው ያዘለው ሰው ነው። አድጎ ረጅም ልብ ወለድ ሲያነብ ደግሞ ዋኝቶ ይሻገራል። በመካከሉ ለመታዘል የከበደበት፣ ለመዋኘትም ያልደረሰበት ዕድሜ አለ፤ በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ወንዙ ላይ የተደረደረ የመርገጫ ድንጋይ ነው። ድንጋዮቹ ከተጠጋጉ ልጁ ይሰለቻል፤ ከተራራቁ ውኃ ውስጥ ይወድቅና ሁለተኛ ወደ ወንዙ አይመጣም። ልብ በሉልኝ፤ ርቀቱ የሚለካው በልጁ እርምጃ እንጂ ድንጋዩን በሚያስቀምጠው ሰው እርምጃ አይደለም። ይህን ምሳሌ ስለምወደው ደጋግሜ ብመለስበት አትቀየሙኝ።

ባለ ምዕራፍ የልጆች መጽሐፍ ማለት ይኸው ነው፤ ምዕራፎቹ አጫጭር፣ ሥዕሎቹ ጥቂት፣ እያንዳንዱ ምዕራፍም በአንድ መቀመጫ የሚያልቅ። የቀረውን ስለምታውቁት እንለፈው።

ክሊሪ በ1916 በኦሪገን ግዛት ተወልዳ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያደገችው በፖርትላንድ ከተማ ነው። አንደኛ ክፍል ሳለች ከደካማ አንባቢዎች ቡድን ተመድባ ስለነበር፣ ድንጋይ ስቶ መውደቅ ምን እንደሆነ በራሷ እግር ታውቀዋለች። በኋላ በዋሽንግተን ግዛት፣ ያኪማ ውስጥ በቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት ስትሠራ፣ እንደ እነሱ ስላሉ ልጆች የሚተርኩ መጻሕፍት የት እንዳሉ የጠየቋት ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ የምትሰጣቸው ግን እምብዛም አላገኘችም። ልጻፍ ብላ ስታስብ፣ ቤት ውስጥ የተቀረጸ እርሳስ የለም ስትል ባለቤቷ በማግሥቱ መቅረጫ ይዞላት መጣ። (የእኔን ሰበብ መቅረጫ የሚፈታው አይመስለኝም።) ሄንሪ ሃጊንስ ስለተባለ ልጅና ስለ ውሻው የሚተርከው የመጀመሪያ መጽሐፏ በ1950 ታተመ።

አሁን ብዙ ተመልካቾች ወደሚሰነዝሩት ቅሬታ እንምጣ፦ «የልጆች መጽሐፍ ምክር ከሌለው ምን ይረባል?» ጥያቄው እኔን ያናድደኛል፤ ክሊሪም ብትሆን ልጆችን ለማረም የሚጻፉ ታሪኮችን አትወድም ነበር። በመጽሐፎቿ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ልጅ ራሞናን ተመልከቱ። በ1968 በታተመው መጽሐፍ ራሞና መዋዕለ ሕፃናት በገባችበት የመጀመሪያ ቀን፣ መምህርቷ ለጊዜው እዚህ ተቀመጪ ትላታለች። በእንግሊዝኛ «ለጊዜው» ለማለት የሚያገለግለው ቃል «ስጦታ» ማለትም ነው። ስለዚህ ራሞና ስጦታው እስኪመጣ ወንበሯ ላይ ተተክላ ትቀራለች፤ ሌሎቹ ልጆች ለጨዋታ ሲነሡ እንኳ ንቅንቅ አትልም። ምክር የሚወድ ደራሲ ቢጽፈው ኖሮ ልጅቷ ታዛዥነትን ተምራ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር። እዚህ ግን የራሞና ሐሳብ ስንጥቅ የለውም፤ የተባለችውን ሰምታ የተባለችውን አደረገች። ጥፋቱን በራሷ ላይ የወሰደችው መምህርቷ ናት። ስድስት ዓመት የሞላው አንባቢ ይህን ሲያነብ ቃላት እሱንም እንዳሞኙት ያስታውሳል፤ ድንጋዩ ልክ እግሩ በሚደርስበት ቦታ ተቀምጧል ማለት ነው። ምክሩን ከሌላ ቻናል ፈልጉት፤ ለዚህኛው ግን ሰብስክራይብ ማድረግ አትርሱ።

ክሊሪ ልጆችን መስማት አላቆመችም። ወላጆቹ ስለተፋቱበት ልጅ እንድትጽፍ የጠየቋት ልጆች ነበሩ፤ ከዚያ የተነሣው መጽሐፍ በ1984 በአሜሪካ ለልጆች መጽሐፍ የሚሰጠውን የኒውበሪ ሜዳሊያ አስገኘላት። የመጨረሻው የራሞና መጽሐፍ በ1999 ታትሞ፣ ደራሲዋ በ2021 በ104 ዓመቷ አረፈች።

ፖርትላንድ ውስጥ ባለው ግራንት ፓርክ ከ1995 ጀምሮ የሄንሪ፣ የውሻውና የራሞና የነሐስ ሐውልቶች ቆመዋል። ራሞና የዝናብ ልብሷንና ቦት ጫማዋን አድርጋለች፤ ከእግሯ ሥር ውኃ ይፈልቃል፣ በበጋም ልጆች ይራጩበታል።