ሜሊና ሜርኩሪ፦ ዜግነቷን የተቀማችው ተዋናይት

(ምስል፦ ጥቁርና ነጭ። የፒሬዎስ ወደብ። ወንዶች እየተሯሯጡ ወደ ባሕሩ ይዘላሉ፣ መሃላቸው አንዲት ሴት እየሳቀች ትዋኛለች።)

ይቺ ሴት ኢሊያ ትባላለች። በግሪክ፣ አቴንስ አጠገብ ባለው የፒሬዎስ ወደብ ገላዋን ሸጣ የምታድር ናት። እሁድ ግን አትሠራም። የጥንቱን የግሪክ ትራጄዲ (አሳዛኝ ተውኔት) እንደ ጉድ ትወዳለች፤ ሲያልቅ ግን ሁሌም የራሷን ፍጻሜ ትሰጠዋለች። እናት የገዛ ልጆቿን የገደለችበትን «ሜዲያ»ን እንኳን አይታ ስታበቃ፣ «ከዚያ ሁሉም ተያይዘው ባሕር ዳር ሄዱ» ትላለች።

ፊልሙ «እሁድ በፍጹም» ይባላል፤ የ1960 ሥራ ነው (በቪዲዮው የምጠራቸው ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ኢሊያን የሠራችው ሜሊና ሜርኩሪ ናት።

ሜሊና በ1920 አቴንስ ተወለደች። ቤተሰቡ የፖለቲካ ቤት ነበር። አያቷ ለረጅም ዓመታት የአቴንስ ከንቲባ፣ አባቷ የፓርላማ አባል። ልጅቷ ግን መድረክ አማራት። በብሔራዊ ቴአትር ትምህርት ቤት ተማረች፣ ዓመታትም በመድረክ ላይ አሳለፈች። ፊልም ስትጀምር ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ለፊልም ተዋናይት ዘግይቷል የሚባልበት ዕድሜ።

ግን ምን ዓይነት ጅማሬ! በ1955 በወጣው «ስቴላ» ላይ የምሽት ክበብ ዘፋኝ ሆነች። ስቴላ ፍቅር ትወዳለች፣ ጋብቻ ግን በጄ አትልም። ለዚህም በስለት ተወግታ ትሞታለች። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለች ሴት በፊልም ማየት ቀላል ነገር አልነበረም። ድምጿ ደግሞ ሻካራ፣ ወፍራም፣ ሲጋራ ሲጋራ የሚል። አንዴ የሰማው አይረሳውም።

ፊልሙ ፈረንሳይ ወደሚካሄደው የካን ፊልም ፌስቲቫል ሄደ። እዚያ ዡል ዳሲንን አገኘችው። ዳሲን ኮሚኒስት ተብሎ ሆሊውድ በሩን የዘጋበት አሜሪካዊ ዳይሬክተር ነው። ተዋደዱ፣ ቆይተውም ተጋቡ። «እሁድ በፍጹም»ን የሠራውም እሱ ነው፤ ብር ስላጠረው ዋናውን ወንድ ራሱ ተጫወተው። (እውነቱን ለመናገር፣ ትወናው ላይ ብዙም አይደለም።) ሜሊና ግን በካን የምርጥ ተዋናይት ሽልማትን ከፈረንሳዊቷ ተዋናይት ዣን ሞሮ ጋር ተጋራች፣ ለኦስካርም ታጨች። ማኖስ ሃጂዳኪስ የደረሰው የፊልሙ ዘፈን ደግሞ ኦስካሩን ወሰደ።

(ምስል፦ ኒው ዮርክ፣ 1967። ብሮድዌይ፣ ማታ።)

በሚያዝያ 1967 ያው ታሪክ በሙዚቃዊ ቴአትር መልክ በኒው ዮርኩ የቴአትር ሰፈር፣ ብሮድዌይ ላይ ተከፈተ። አሥር ቀን ሳይዘል አቴንስ ውስጥ ኮሎኔሎች በታንክ ሥልጣን ያዙ። ሜሊና ኒው ዮርክ ሆና ዝም አላለችም። ባገኘችው መድረክ ሁሉ አወገዘቻቸው። እነሱም በሐምሌ ዜግነቷን ገፈፉ፣ ንብረቷን ወረሱ። ትእዛዙን የፈረመው የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ፓታኮስ ነበር። መልሷ እነሆ፦ «ግሪካዊት ሆኜ ተወለድኩ፣ ግሪካዊት ሆኜ እሞታለሁ። አቶ ፓታኮስ ፋሽስት ሆነው ተወለዱ፣ ፋሽስት ሆነው ይሞታሉ።»

ሰባት ዓመት በስደት ቆየች። በ1974 ኮሎኔሎቹ ሲወድቁ አገሯ ገባች። በዚያው ዓመት ተወዳድራ ተሸነፈች፣ በ1977 ግን ፓርላማ ገባች። የመረጣት ማን መሰላችሁ? ፒሬዎስ! ኢሊያ የዋኘችበት ወደብ።

በ1981 የባህል ሚኒስትር ሆነች፤ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት። በየዓመቱ አንድ ከተማ «የአውሮፓ የባህል ከተማ» እየተባለ እንዲመረጥ ሐሳቡን ያቀረበችው እሷ ናት። በ1985 አቴንስ ጀመረችው፣ እስካሁን ቀጥሏል።

ትልቁ ሙግቷ ግን ከለንደን ጋር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ግሪክ በኦቶማን ቱርክ ሥር ሳለች፣ የእንግሊዙ አምባሳደር ሎርድ ኤልጊን አቴንስ ካለው ከጥንቱ የፓርቴኖን ቤተ መቅደስ የእብነ በረድ ቅርጾችን አስነቅሎ ወሰደ። በ1816 ለመንግሥቱ ሸጣቸው፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ሜሊና በ1982 ሜክሲኮ ላይ በተደረገው የዩኔስኮ ጉባኤ «ይመለሱልን» አለች። በ1986 ደግሞ ኦክስፎርድ ሄዳ ተከራከረች። የማይክል አንጀሎ የዳዊት ሐውልት አለ፣ የኤልጊን እብነ በረድ የሚባል ነገር ግን የለም አለቻቸው። ቀራፂው ኤልጊን አይደለማ!

ሙዚየሙ ዛሬም የሚጠቅሰው የ1963ቱን ሕግ ነው፤ ሕጉ ከጥቂት ጉዳዮች በቀር ቅርስ እንዳይሰጥ ይከለክለዋል። ይህን ክርክር እኛም እናውቀዋለን። በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፈው ውስጥ ጽላቶች እዚያው ሙዚየም አሉ፤ ማንም እንዳያያቸው ተዘግቶባቸው።

ሜሊና መጋቢት 6 ቀን 1994 በሳንባ ካንሰር ኒው ዮርክ ውስጥ አረፈች። ሲጋራውን አልተወችውም ነበር። ዳሲን በስሟ ፋውንዴሽን አቁሞ ሙግቱን ቀጠለ። እሱም በ2008 ሞተ።

(ምስል፦ የአክሮፖሊስ ሙዚየም፣ የመጨረሻው ፎቅ። በመስታወቱ ማዶ ፓርቴኖን ይታያል።)

አዲሱ የአክሮፖሊስ ሙዚየም የተከፈተው በዓመቱ፣ በ2009 ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ የፓርቴኖን ቅርጾች በቀድሞ ቅደም ተከተላቸው ተደርድረዋል። አቴንስ የቀሩት እውነተኞቹ የማር ቀለም አላቸው። በመካከላቸው ነጭ ነጩ የጄሶ ቅጂ ነው፤ የአብዛኞቹ ዋና ለንደን ነው።