ማንጎ ላይ የምታንዣብበው ትንኝ እና የማይሞተው ሴል

[ምስል፦ ሸዋ ሮቢት ገበያ። ቅርጫት ውስጥ አልፎበት የበሰለ ማንጎ። ደቃቅ ትንኞች ያንዣብባሉ።]

ተራኪ፦ እነዚህን ትንኞች ታውቋቸዋላችሁ። ሙዙ ሲጠቁር፣ ማንጎው ሲላሽቅ፣ የጠላ ጋን ሲከፈት ከየት መጡ ሳይባል ከች ይላሉ። እኛ እናባርራቸዋለን። ሳይንቲስቶች ግን ከመቶ ዓመት በላይ እየቀለቡ ያረቧቸዋል። ድሮሶፊላ ይሏቸዋል።

ለምን? በሰው ሦስት ትውልድ ለማየት የአንድ ተመራማሪ ዕድሜ አይበቃም። ትንኟ ግን 25 ዲግሪ ሙቀት ካገኘች ከእንቁላል ተነስታ በ10 ቀን ገደማ ትደርሳለች። ሙቀቱ ወደ 18 ሲወርድ ጊዜው እጥፍ ያህል ይረዝማል። ቆላው ሸዋ ሮቢት ይስማማታል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ያጓትታታል።

[ምስል፦ የወተት ጠርሙሶች፣ ውስጣቸው ትንኞች።]

ኒው ዮርክ ውስጥ ቶማስ ሞርጋን የተባለ ሳይንቲስት ትንኞቹን በወተት ጠርሙስ ያረባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ከቀይ ዓይናሞቹ መካከል አንድ ነጭ ዓይን ያለው ወንድ አገኘ። ከቀይ ዓይን ሴቶች ጋር አዳቀለው። ልጆቹ ቀይ ዓይን ሆኑ። ልጆቹን እርስ በርስ ሲያዳቅላቸው ነጩ ዓይን ተመልሶ መጣ፤ ግን በወንዶቹ ላይ ብቻ! ስለዚህ የዓይን ቀለሙ ጂን፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርደው መመሪያ፣ ፆታን ከሚወስነው ክሮሞዞም፣ ሴል ውስጥ ካለው ቀጭን ክር፣ ጋር አብሮ ይጓዛል። ጂን ክሮሞዞም ላይ እንደሚቀመጥ ያሳመነው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ኖቤል ተሸለመበት። በሰው ላይ በሽታ ከሚያመጡ ጂኖች 75 በመቶ ያህሉ ትንኟም ውስጥ አቻ አላቸው።

እርሾም እንዲሁ ለምርምር ያገለግላል። ጠላውን የሚያፈላው የእርሾ ዝርያ፣ ሴል እንዴት እንደሚከፈል ያስተማረን ነው።

[ምስል፦ ብልቃጥ ውስጥ ቀይ ፈሳሽ።]

አንዳንዴ ግን የሰው ሴል ራሱ ያስፈልጋል። በ37 ዲግሪ ሙቀት፣ ምግብ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጣል። ሴሎቹ ሲበዙ ፈሳሹን አሲድ ያደርጉታል፤ ቀዩ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ያኔ ይቀየርላቸዋል።

ችግሩ፣ የሰው ሴሎች የተወሰነ ጊዜ ተከፍለው ያቆማሉ። እ.ኤ.አ. በ1951 ባልቲሞር ውስጥ ሄንሪየታ ላክስ ከምትባል ጥቁር አሜሪካዊት የማኅፀን በር ካንሰር የተወሰዱት ግን አላቆሙም። በየቀኑ እጥፍ እየሆኑ እስከ ዛሬ በዓለም ላብራቶሪዎች ይኖራሉ። ሂላ ይባላሉ። እሷ በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ ሞተች። ማንም አላስፈቀዳትም። ቤተሰቧም የሰማው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ይህ በደል ነው፤ በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር መባሉ አያቀለውም።

ጀርመናዊው ተመራማሪ ሃራልድ ሱር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኤች ፒ ቪ የተባለው ቫይረስ የማኅፀን በር ካንሰር እንደሚያመጣ አሳየ። አንዱን ዓይነት፣ 18 ቁጥርን፣ እነዚሁ የሂላ ሴሎች ውስጥ አግኝቶታል። የኤች ፒ ቪ ክትባት የተነሳው ከዚህ ግኝት ነው። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ፤ የሰሜን ሸዋ ልጆችም ከእነሱ መካከል ናቸው።

ሴል ብቻውን ግን ለክትባት አያበቃም። ብልቃጥ ውስጥ ያለ ሴል ደም አይዞርበትም፣ ጉበት የለውም፣ በሽታ አይከላከልም። ስለዚህ ክትባቱ መጀመሪያ በእንስሳት፣ ቀጥሎም ተጠይቀው በፈቀዱ በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ ተሞክሮ ነው የጸደቀው።