«አይ7 ነው» ሲሏችሁ

[ምስል፦ ታይምላይን ላይ እየተቆራረጠ የሚሄድ ቪዲዮ]

ፊልም ያለችግር የሚያጫውት ላፕቶፕ፣ ኤዲት ሲደረግበት ለምን ይንቀረፈፋል?

ካሜራና ስልክ ቪዲዮውን ጨምቀው ነው የሚያስቀምጡት። እያንዳንዱ ፍሬም ሙሉ ፎቶ አይደለም። አብዛኛው «ከጎረቤቱ ፍሬም ይሄ ይሄ ተለውጧል» የሚል መረጃ ብቻ ነው። ፊልም ስታዩ ኮምፒውተሩ በተራ ይፈታዋል። ኤዲት ስታደርጉ ግን ወዲያ ወዲህ ትዘላላችሁ። በዘለላችሁ ቁጥር፣ ያንን አንድ ፍሬም ለማሳየት ወደኋላ ተመልሶ ሌሎቹንም መፍታት አለበት። ልፋቱ እዚህ ጋ ነው።

[ምስል፦ የላፕቶፕ ስቲከር በቅርበት]

ሱቅ ስትገቡ ግን የምትሰሙት «አይ7 ነው» የሚል ነው። አይ7 እና አይ5 የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ስሞች ናቸው። በዚህ ቃል ብቻ ብዙ ብር የሚከፍሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ኢንቴል በ2016 ያወጣው አይ7-7500ዩ 2 ኮር (ሥራውን የሚሠራ ክፍል) ብቻ አለው። በዓመቱ የወጣው አይ5-8250ዩ 4 ኮር አለው። ለኤዲቲንግ አይ5ቱ ይሻላል! ስለዚህ ሙሉ ስሙን አንብቡ። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር መጀመሪያ ጄኔሬሽኑን (ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ) ይነግራችኋል፤ 7500 ሰባተኛ፣ 8250 ስምንተኛ ነው። መጨረሻ ላይ «ዩ» (U) ካለ ባትሪ እንዲቆጥብ የተሠራ ነው፤ «ኤች» (H) ካለ ለከባድ ሥራ።

ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን የሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ለፉል ኤችዲ ቪዲዮ 16 ጊጋ ይሁን። 4ኬ የፉል ኤችዲን 4 እጥፍ ፒክስል ስለሚይዝ፣ እኔ 32 እላለሁ። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ በኋላ መጨመር አይቻልም፤ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ማስቀመጫው ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ይሁን። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋ ይሞላል። አንድ ሰርግ በ2 ካሜራ 5 ሰዓት ከቀረጻችሁ 450 ጊጋ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ውጫዊ ዲስክም በጀታችሁ ውስጥ ይግባ።

[ምስል፦ ፍላሽ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ]

ሱቅ ስትሄዱ በራሳችሁ ካሜራ የተቀረጸ ክሊፕ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ላፕቶፑ ላይ ገልብጡት፣ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ውስጥ አስገቡት፣ ወዲያ ወዲህ እየዘለላችሁ አጫውቱት። ከዚያ ቻርጀሩን ንቀሉና ድገሙት፤ ብዙ ላፕቶፖች በባትሪ ሲሠሩ ጉልበታቸው ይቀንሳል። ለ10 ደቂቃ ኤክስፖርት እንዲያደርግም (ያለቀውን ቪዲዮ ፋይል አድርጎ እንዲያወጣ) ተዉት። ሲግል ፍጥነቱ የሚወርድ ካለ ያኔ ይታያል። ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ።

አሁን ባላችሁ ላፕቶፕ መሥራት ግድ ከሆነ ደግሞ ፕሮክሲ ተጠቀሙ። ኤዲቲንግ ፕሮግራሞቹ ፕሪሚየርም ዳቪንቺም ከትልቁ ፋይል ቀለል ያለ ቅጂ ይሠሩላችኋል። በቅጂው ትቆርጣላችሁ፤ ኤክስፖርት ሲደረግ በቅጂው ፋንታ ዋናው ፋይል ይገባል። ጥራቱ አይነካም።