የቀይ ባሕር ዛጎሎችና የባሕር ጠለል

(ምስል፦ በማይክሮስኮፕ የታየ ነጭ ዛጎል)

ይህ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ቅንጣት ግሎቢጀሪኖይደስ ሩበር የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ፎራሚኒፌራ ዛጎል ነው። ፍጥረቱ በሕይወት ሳለ ከባሕሩ የላይኛው ክፍል ሳይርቅ እየተንሳፈፈ ይኖራል፤ ሲሞት ዛጎሉ ወደ ወለሉ ሰምጦ ከደለል ጋር ይቀበራል። ተመራማሪዎች ከመርከብ ረጅም ቱቦ ወደ ወለሉ ሰድደው ደለሉን እንደ ተደራረበ ያወጡታል።

በቤተ ሙከራ ደለሉ በወንፊት ይታጠብና በመጠን የሚቀራረቡ የአንድ ዝርያ ዛጎሎች በእርጥብ ቀጭን ብሩሽ ጫፍ አንድ በአንድ ይለቀማሉ። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ነገር ግን ዝርያዎቹ የሚኖሩበት ጥልቀት ስለሚለያይ፣ ከተቀላቀሉ ልኬቱ የየትኛው ውሃ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ዛጎሎቹ በፎስፎሪክ አሲድ ሲሟሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ማስ ስፔክትሮሜትር የተባለው መሣሪያም በጋዙ ውስጥ ያለው ከባዱ ኦክስጅን-18 ከቀላሉ ኦክስጅን-16 አንጻር ምን ያህል እንደሆነ ይለካል።

ውሃ ሲተን ቀላሉ ኦክስጅን ይቀድማል። በበረዶ ዘመን የተነነው ውሃ በየብስ ላይ በረዶ ሆኖ ስለሚከማች፣ ባሕሩ ውስጥ የከባዱ ድርሻ ከፍ ይላል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝም ዛጎሉ ከባዱን ይበልጥ ይይዛል። ተመራማሪው ቼዛሬ ኤሚሊያኒ እ.ኤ.አ. በ1955 በዛጎሎቹ የሚታየውን ይህን ለውጥ በአብዛኛው ለሙቀት ሰጥቶት ነበር፤ ኒኮላስ ሻክልተን ግን በ1967 ዋናው ድርሻ የበረዶው ክምችት መሆኑን አሳየ።

(ምስል፦ የባብ ኤል መንደብ ካርታ)

በቀይ ባሕር ሌላም ነገር ይጨመራል፤ እጅግ የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው። ይህ ባሕር ቋሚ ወንዝ አይገባበትም፣ ዝናቡም ኢምንት ነው፤ በትነት ግን በየዓመቱ 2 ሜትር ገደማ ውሃ ያጣል። የጎደለውን የሚተካለት ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገባው ውሃ ብቻ ሲሆን፣ በሃኒሽ ደሴቶች አቅራቢያ የባብ ኤል መንደብ መተላለፊያ ጥልቀት 137 ሜትር ብቻ ነው። ከ20,000 ዓመታት ገደማ በፊት የዓለም የባሕር ጠለል 120 ሜትር ያህል ሲወርድ መግቢያው ጠበበ፤ ውሃው ሳይታደስ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይም እሳት ላይ እንደ ተረሳ ወጥ ጨዉ እየጎላ ሄደ፤ ቀላሉ ኦክስጅን በትነት ስለሚቀድምም የከባዱ ድርሻ አብሮ ጨመረ። በክፍት ውቅያኖስ ውሃ ላይ የበረዶው ክምችት በከባዱ ኦክስጅን ድርሻ ያመጣው ለውጥ 1 በሺህ ገደማ ሲሆን፣ በቀይ ባሕር ዛጎሎች ላይ የሚለካው ለውጥ ከ5 በሺህ ይበልጣል። ማርክ ሲዳልና ባልደረቦቹ በ2003 ባወጡት ጥናት የጥንቱን የባሕር ጠለል ያሰሉት በዚህ መንገድ ነው።

ጨዋማነቱ በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ 50 ግራም አካባቢ ሲደርስ ተንሳፋፊዎቹ ፎራሚኒፌራ መኖር ስለማይችሉ፣ በማዕከላዊው ቀይ ባሕር የዚያ ዘመን ደለል ውስጥ ከሞላ ጎደል አይገኙም። መጥፋታቸው ራሱ ጠለሉ ምን ያህል እንደ ወረደ ለማስላት ይረዳል። መተላለፊያው ግን ፈጽሞ አልተዘጋም፤ ቢዘጋ ኖሮ ትነቱ ባሕሩን በአጭር ጊዜ ከዚህ እጅግ ወደ ከፋ ጨዋማነት ያደርሰው ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን ከአፍሪካ ቀንድ ወደ ዓረቢያ በዚህ በኩል የተሻገሩ ሰዎች ከነበሩ፣ ጠባብም ቢሆን ውሃ መሻገር ነበረባቸው።