7518፦ ዓመተ ዓለሙን ስንበትነው

ጥሩወርቅ፦ ከደብረ ማርቆስ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ የያዝነው አንድ ቁጥር ነው፤ 7518።

ይበልጣል፦ ዘንድሮን ነዋ! ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት የሚቆጠረው 5500 ሲደመር 2018።

ጥሩወርቅ፦ አዎ፣ ዓመተ ዓለሙን። በእኔ በሒሳብ መምህሯ ልጀምር። 2 በ3፣ በ7፣ በ179 ሲባዛ 7518 ይመጣል። አራቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፣ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም፤ ሁለቴ የገባ የለም። ስለዚህ 16 አካፋዮች አሉት። ራሱን ትተህ የቀሩትን ብትደምር 9762፤ ከቁጥሩ ይበልጣል። ትርፋማ ነው።

ይበልጣል፦ አምናስ?

ጥሩወርቅ፦ 7517 ብቸኛ ቁጥር ነው! ለማረጋገጥ እስከ 83 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ማካፈል ይበቃል፤ የሚቀጥለው 89 በራሱ ሲባዛ 7921 ሆኖ ያልፈዋል። ጎን ለጎን ቆመው አንዱ 16 አካፋይ፣ አንዱ 2 ብቻ።

ይበልጣል፦ ይኼ ሁሉ ግን ፋሲካ መቼ እንደሚውል አይነግርሽም።

ጥሩወርቅ፦ በል እሽ፣ አቡሻህርህን፣ የበዓላት ማስሊያ ቀመሩን፣ አምጣው።

ይበልጣል፦ እኔ ዲማ ቅኔ ስቆጥር ያየሁት ነገር፣ የኔታ ድርሻውን ዘወር ብለው አያዩትም፤ የሚፈልጉት ቀሪውን ነው። 7518 ለ4 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ ዘመነ ማርቆስ። ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንዱን ለዘመን ትቀንሻለሽ፣ የተረፈው ወንበር ይባላል፤ ወንበሩ 12። እሱን በ11 አባዢው፣ 132፤ ለ30 ስትገድፊው፣ ማለት አካፍለሽ ቀሪውን ስትይዥ፣ የጨረቃ ትርፍ ቀን የሚባለው አበቅቴ 12።

ጥሩወርቅ፦ ወንበሩም አበቅቴውም 12?

ይበልጣል፦ ገጠመ። 12 በ19 ደግሞ 228፤ ለ30 ሲገደፍ የበዓለ መጥቅዕን ቀን የሚሰጠው መጥቅዕ 18። ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18፣ እሑድ። ለየዕለቱ የሚጨመር ቁጥር አለ፣ ተውሳክ ይባላል፤ የእሑድ ተውሳክ 7፤ 18 እና 7፣ 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባች፣ ከዚያ 69 ቀን ቆጥረሽ ፋሲካ ሚያዝያ 4።

ጥሩወርቅ፦ በ4፣ ለሳምንቱ ዕለት በ7 እና በ19 ቀሪ ነው የምትጫወቱት ማለት ነው። ሦስቱ የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ ሁሉም አንድ ላይ የሚመለሱት በብዜታቸው፣ በ532 ዓመት ነው።

ይበልጣል፦ ዐቢይ ቀመር እሱ ነው! 7518 በ15ኛው ቀመር 70ኛው ዓመት ነው።

ጥሩወርቅ፦ 4 በ7፣ 28 ደግሞ ፍጹም ቁጥር ነው፤ 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14 ሲደመሩ ራሱን ይሰጣሉ። ለቀመሩ የሚጨምረው ነገር የለም፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል።

ይበልጣል፦ በግእዝ ቁጥር ስትጽፊውም ያምራል፤ ፸፭፻፲፰። ዜሮ አይፈልግም፣ ሰባ አምስት መቶ አሥራ ስምንት ነው።

ጥሩወርቅ፦ የሚመጣው 7519 ደግሞ 73 በ103 ነው። ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች፣ በቃ።

ይበልጣል፦ ወንበሩ 13፣ አበቅቴው 23፣ መጥቅዑ 7። ከ14 ስላነሰ በዓሉ ጥቅምት 7 ቅዳሜ ይውላል፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8። ነነዌ የካቲት 15፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24።

ጥሩወርቅ፦ ከዘንድሮው 20 ቀን ዘግይቶ! ዶሮ የምታሳድጉ ካሁኑ አስቡበት።