የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ «ካፊር ነው» ብሎ የመፍረድ ሐሳብ ከየት መጣ?

ከአዳማ የደወሉ አድማጭ፦ አልሸባብ በእስልምና ስም እየተነሣ ሙስሊሙን ይገድላል። ይህን የሚፈቅድለት የትኛው ትምህርት ነው?

ብዙ ሰው ጂሃድን ያነሣል። እኔ ግን ቁልፉ ተክፊር ነው እላለሁ፤ አንድን ሙስሊም «ካፊር ነው፤ ከእምነቱ ወጥቷል» ብሎ መፍረድ። በእነርሱ ዘንድ መግደሉ የሚፈቀደው ይህ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ657 በሲፊን ጦርነት ኸሊፋው ዓሊ ከተቀናቃኛቸው ከሙዓዊያ ጋር በሽማግሌ ለመዳኘት ሲስማሙ፣ ከሠራዊታቸው ከፊሉ «ፍርድ የአላህ ብቻ ነው» ብሎ ተለያቸው። ኸዋሪጅ የተባሉት እነዚህ ናቸው። ዓሊ «ቃሉ እውነት ነው፤ የተፈለገበት ግን ሐሰት ነው» ሲሉ መለሱ። ታሪክ ጸሐፊው ጠበሪ ያቆየልን አንድ ታሪክ ዘወትር ይከነክነኛል። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ከዛፍ የወደቀች ተምር አንሥቶ ወደ አፉ ሲጨምር ጓደኛው «ሳትከፍል?» ቢለው ወዲያው ተፋት። እነዚያው ሰዎች ግን የሰሓባ (የነቢዩ ባልደረባ) ልጅ የሆነውን ዐብደላህ ቢን ኸባብን አረዱ፤ እርጉዝ ሚስቱንም አልማሩም። ሰውየውን አስቀድመው ከእምነት አስወጥተውታልና ደሙ ከተምሯ አነሰባቸው። ዓሊንም በ661 በኩፋ የገደላቸው ከዚሁ ወገን የሆነ ሰው ነው።

ከአዲስ አበባ፦ የግብጹ ጸሐፊ የሰይድ ቁጥብ ስም ደጋግሞ ይነሣል። ምን ቢያስተምር ነው?

ቁጥብ ሙስሊም ነኝ የሚለው ማኅበረሰብ ጭምር ወደ ጃሂሊያ፣ ከእስልምና በፊት ወደነበረው ጨለማ ተመልሷል ብሎ ጻፈ። በፕሬዚዳንት ናስር እስር ቤቶች የደረሰው ስቃይ ሐሳቡን እንዳከረረው አልጠራጠርም። እ.ኤ.አ. በ1966 ተሰቀለ። ከእርሱ በኋላ ፈረጅ የተባለ መሐንዲስ፣ ኢብን ተይሚያ የተባሉ ሊቅ ሙስሊም ነን የሚሉትን ሞንጎሎች መዋጋት ይገባል ሲሉ የሰጡትን የጥንት ፈትዋ (ሃይማኖታዊ ብይን) በጻፈው ጽሑፍ በዘመኑ መሪዎች ላይ አዞረው፤ የእርሱ ቡድን በ1981 ፕሬዚዳንት ሳዳትን ገደለ። ለዚህ ጽሑፍ ሰፊ መልስ የጻፉት የግብጽ ሙፍቲ የነበሩት ሸኽ ጃድ አል ሐቅ ናቸው። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ የሙስሊም ወንድማማቾች መሪ በነበሩት በሐሰን አል ሁደይቢ ስም የወጣ ጽሑፍ «ሰባኪዎች እንጂ ፈራጆች አይደለንም» ብሎ ነበር። ተቃውሞው ከውስጥ መነሣቱን ሰው ሁሉ ቢያውቅ እወዳለሁ።

ከኮምቦልቻ የደወሉ እናት፦ ልጄ በስልኩ ስብከት መከታተል ከጀመረ ወዲህ የአያቱን መውሊድና መንዙማ ይነቅፋል። ልፍራ?

እናቴ፣ መውሊድን ቢድዓ (በሃይማኖት ላይ የተጨመረ አዲስ ነገር) ነው የሚሉ፣ ማንንም የማይጎዱ ብዙ ዓሊሞች አሉ፤ በዚህ ብቻ አይፍሩ። «አያቴ ካፊር ናቸው፤ ከኋላቸው አልሰግድም» ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ አይጩሁበት፣ ከቤትም አያባርሩት። ይህን ፍርድ የመስጠት ሥልጣን ከማን እንዳገኘ ረጋ ብለው ይጠይቁት፤ ከዚያም እርሱ ራሱ ከሚያከብራቸው፣ ኪታብ ከተማሩ ሸኽ ጋር ያገናኙት። እርስዎ የመረጡለትን ሸኽ ላይሰማ ይችላል።